አማቼና የመስታወት ማብሪያው

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ቤቱን ሳሳምር አንድ ነገር ላይ ድርቅ አልኩ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሁሉ በጣት ነካ ሲደረግ የሚሠራ ጥቁር መስታወት መሆን አለበት። ባለቤቴ «አምፖል ለማብራት ይሄ ሁሉ?» ቢለኝም አልሰማሁትም። ተገጥሞ ሲያልቅ ሳልፍ ሳገድም በእጅጌዬ እወለውለው ነበር።

ወር ሳይሞላ የባለቤቴ አባት ሊጠይቁን መጡ። ከላፍቶ ወዲያ ዕድሜ ልካቸውን ጤፍ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲጨብጧችሁ እጃቸው እንደ ሞረድ ይሻክራል።

በመጡ በማግስቱ ከኩሽና ስወጣ አማቼ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስነኩ አየሁ። ደነገጥኩ።

«አባባ፣ ምነው? ግድግዳ ይሳለማሉ እንዴ?»

ቀና አሉ። «ምን ላድርግ ልጄ! ይሄ ማብሪያሽ ጣቴን ናቀው። ሌባ ጣቴን ብል፣ አውራ ጣቴን ብል እምቢ አለኝ። ትናንት በዳበሳ ነው የታጠብኩት። አፍንጫዬን ግን ወደደው።»

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ኋላ ግን መዳፋቸውን አገላብጠው ሲያዩት አፈርኩ። መስታወቱ የደረቀ ቆዳ አይለይም፤ ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም።

በነጋታው ሌላ ማብሪያ ልንገዛ መካኒሳ አቦ አካባቢ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይዣቸው ሄድኩ። እኔ ነጭ፣ ቀለል ያለውን ባሳያቸውም ዞር ብለው አላዩትም። የተደረደረውን በአውራ ጣታቸው ቀጭ፣ ቀጭ እያደረጉ፣ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና አንዱን አነሱ። ወርቃማ ነው፤ ዙሪያውን ጽጌረዳ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ ወፎች አሉት።

«ይሄ ድምፁም መልኩም ያምራል። ቤትሽን ያደምቅልሻል።»

ወፎቹን በጎን እያየሁ ከፈልኩ። ያንኑ ዕለት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተገጠመ። አማቼ አራት ጊዜ አብርተው አጠፉና «በይ፣ አሁን ቤት ሆነ» አሉ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ የላይ ፎቅ ጎረቤቴ ቤቴን ልታይ መጣች። ጥቁር መስታወቶቼን አንድ በአንድ አልፋ ወርቃማው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ውይ! ይሄን ከየት አገኘሽው? ምርጫ ታውቂያለሽ!»

«ስንት ሱቅ ዞሬ መሰለሽ!» አልኳት።

ባለቤቴ ሶፋው ላይ ሆኖ ትን እስኪለው ሳቀ።