ጨጓራ ያልነው የወንድሜ ሕመም

በከተማችን በመርሳ አሁን ስለ አእምሮ ጤና የማያወራ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ሻይ የቀዘቀዘበት ሁሉ ድብርት ያዘኝ ይላል፤ ሚስቱን የሰደበው ስትሬስ ነው ይላል። ወሬው በዝቷል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ በዝቷል። እኔም አውርቻለሁ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከመርሳ ወልድያ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ሥራውን ትቶ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያየ መቀመጥ ጀመረ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ጨጓራው ነው አልኩ። እኛ ዘንድ የታመመን ሰው ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነውና ጎርፈው መጡ። አንዷ አጥሚት፣ ሌላዋ ተልባ ይዛ። ግራና ከሚባለው ገጠር ድረስ ወተት ያመጡለት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቡ ቁጭ ብለው "አላህ አፊያ ያርግህ፣ ልጄ" ይሉት ነበር። ሹፌር ጓደኞቹ አልጋው ጫፍ ላይ ተደርድረው የመንገዱን ወሬ ሲያወሩለት መሳቅ ጀመረ። ወልድያ የሚያክመው ሐኪምም ከወራት በኋላ መንዳት ትችላለህ አለው። እንደገና መሪ ጨበጠ።

ከዚያ ስለ አእምሮ ጤና የሚሰጥ ሥልጠና ከተማችን መጣ። አሠልጣኙ ዝም አትበሉ፣ ተናገሩ አለን። እኔ ሞኟ ተነሣሁ። የጨጓራው ነገር ውሸት እንደነበር፣ ወንድሜን ያመመው አእምሮውን እንደሆነ፣ አሁን ግን እንደተሻለው ተናገርኩ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ሴቶቹ አቅፈውኝ አለቀሱ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ ደጃችንን የረገጠ የለም። መናኸሪያው ውስጥ ተሳፋሪው የወንድሜን መኪና እያለፈ ቀጣዩን ይጠብቅ ጀመር። አንድ እሑድ ጠዋት ወንድሜ የሚነዳው ሚኒባስ ባለቤት መጡ። አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀምጠው ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡልኝ እሳቸው ነበሩ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

"ለራሱ ጊዜ ይስጥ፤ እረፍት ያስፈልገዋል" አሉኝ። አሠልጣኙ ያስተማረንን ቃል በቃል ነበር የደገሙት። ወንድሜ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ወንድሜ ሕመሙን ማን እንደነገራቸው ጠየቀኝ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ የተናገርኩ እኔ፣ ሻይ ላፍላልህ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።