ሦስት ጊዜ ሳይለመን

ጎረቤቴ ኦርዲን ስኮግ እዚህ ኖርዳል፣ ሰሜን ሚኒሶታ፣ የእህል ጎተራውን ሠላሳ ዓመት አስተዳድሯል። ባለፈው መከር ጎተራው ተሸጠና በሩ ተቆለፈ። ሚስቱ ላቮን ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ሥራው ሲቀር ደግሞ ድምፁን የሚሰማለት ሰው ጠፋ። ጠዋት ራዲዮኑን የሚከፍተው ለወሬ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለው ነው።

«ስለ ደመወዙ ግድ የለኝም ማርሊስ፤ ብቻ ሰው መሀል ልዋል» ይለኝ ነበር።

የካቲት ላይ የላቮንን መጥበሻ ልመልስ ወጥ ቤቱ ቆሜ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ከካንሳስ ሲቲ ነው። አንድ ትልቅ የእህል ድርጅት ለጎተራ ኃላፊነት ለቃለ መጠይቅ ጠራው። ጆሮው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያዳምጠው፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

«የአውሮፕላን ትኬቱንና ሆቴሉን እኛ እንያዝልዎ?» አለች የደወለችው ልጅ።

«ኧረ አትቸገሩ፣ እኔ እንደምንም እመጣለሁ» አለ ኦርዲን።

«ጥሩ! እንግዲያው ሰኞ እንገናኝ» ብላ ዘጋችው።

እኛ ጋ ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ እንቢ ይላል። ሁለተኛም እንቢ ይላል። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላስቸገርኩ» ብሎ ወንበር ይስባል። ቶሎ እሺ ያለ ሆዳም ነው፤ ሦስቴ ያልጠየቀም ንፉግ። በዚህ ሕግ ተወልደን በዚህ ሕግ እንቀበራለን። ካንሳስ ሲቲ ግን «በሞቴ» የሚል ሰው የለም። ኦርዲን ስልኩን ይዞ ሁለተኛው ጥያቄ እስኪመጣ የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆመ።

«መልሰህ ደውልላት እንጂ! ጠሪው ነው የሚከፍለው፤ የትም አገር እንዲህ ነው» አልኩት።

«ደውዬ ምን ልበላት? እባክሽ ድገሚና ለምኚኝ ልበላት?»

«አዎ በላት!»

«አንቺ ብትሆኚ ትያለሽ?»

እኔም አልልም። የሰው ፊት እሳት ነው።

«አብሬህ ልሂድ?» አልኩት። እንቢ አለ። ደገምኩለት፤ እንቢ አለ። ሦስተኛውን ልል ስል «መንገዱ በረዶ ነው፣ አንቺን ገድዬ ሥራ አልይዝም» ብሎ ሳቀ።

እሁድ ማለዳ ብቻውን በአሮጌው ፒክአፑ ወጣ። የቀረውን ከተመለሰ በኋላ እሱ ራሱ ነው ያጫወተኝ። አዮዋ ላይ በረዶው መንገዱን ዘጋ፤ የመንገድ ዳር መኝታዎቹ ሁሉ ሞሉ። ነዳጅ ማደያ ጥግ መኪናው ውስጥ አደረ። ሙሉ ልብሱ እንዳይጨማደድ መስኮቱ ላይ ሰቅሎት ነበር፤ ብርዱ ሲጠናበት አውርዶ ደረበው። «ላቮን ብታየኝ ትገድለኝ ነበር» አለኝ። የምትገድለው እንኳ የለችም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ድርጅቱ በያዘላቸው ሆቴል ቁርስ ላይ ተዋውቀው በስም ይጠራራሉ። እሱን ያወቀው የለም። ጠያቂዋ ሴትዮ ግን ወደደችው፤ ጎተራ ውስጥ እህል ሞቆ ሊበላሽ ሲል ምን ምን እንደሚደረግ ጠየቀችው፤ እንደ ልቡ መለሰላት። በመጨረሻ ብዕሯን ይዛ፣ «ታዲያ አቶ ስኮግ፣ ይህን ሥራ ይፈልጉታል?» አለችው።

ኦርዲንም እንደ አስተዳደጉ፣ «ኧረ ከኔ የተሻለ ወጣት አይጠፋም» አላት።

ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀምጣ ስለ ቅንነቱ አመሰገነችው። እሱ ወንበሩ ላይ ጥቂት ቆየ። አልደገመችም።

ይህን ሲነግረኝ ተናደድኩ፤ በሱም፣ በሷም፣ በኛም ሕግ። «ምናለ አዎ ብትል?» ብዬ ጮህኩበት። «አፌ ላይ ነበር ማርሊስ» አለ። «ሦስተኛዋን ስጠብቅ እኮ ነው።»

ሐሙስ ደወሉና ሌላ ሰው መያዛቸውን ነገሩት። ያን ዕለት ማታ ከደጁ በረዶ ሲዝቅ አየሁት። የዛቀውን መልሶ ይዝቃል፤ ቤት መግባት አልፈለገም።

«ኦርዲን፣ ና እራት ብላ!» አልኩት ከበሬ ላይ። እውነቱን ለመናገር ምንም አልሠራሁም፤ ድንቹ እንኳ አልተላጠም። ሁለት እንቢታ ስላለው እስከዚያ እደርሳለሁ ብዬ ነው።

አካፋውን በረዶው ላይ ተከለው።

«እሺ» አለ።

ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ስንኖር ያን ቃል በመጀመሪያው ጥሪ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ጫማውን አራግፎ ገባና ባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠ።

«ገና ነው እኮ፣ አልበሰለም» አልኩት።

«እጠብቃለሁ» አለኝ።