«ደወሉ ነው የተመታው»

ሎሬታ ኮቫች ፔንሲልቬንያ ውስጥ በአንዲት የብረት ፋብሪካ ከተማ፣ በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አብስላለች። ባሏ ዋልት በወጣትነቱ ለዚሁ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ኳስ በእጅ ይዘው እየተላተሙ በሚጫወቱት ጨዋታ፣ ከፊት የሚሰለፍ ግንብ ነበር። ራሱን ተመትቶ በተንገዳገደ ቁጥር «ምንም አልሆነም፣ ደወሉ ነው የተመታው!» ይሉና አሰልጣኞቹ እየሳቁ መልሰው ያስገቡት ነበር። ዛሬ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ጫማውን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል፤ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ሎሬታን «አንቺ ማነሽ?» ይላታል።

አንድ ዓርብ ጨዋታ ልይ ብሎ አስቸገራትና ይዛው ሄደች። ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጀርባ ተቀመጡ። በጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ላይ ብሮዲ የሚባለው የቡድናቸው ሯጭ ኳሱን እንደያዘ ከአንዱ ተጋጣሚ ጋር ራስ ለራስ ተላተመ። ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ተጋጣሚዎቹ ወንበር ሄደ። ሕዝቡ ሳቀ።

ዱዌን የሚባለው አሰልጣኝ ጎትቶ አመጣውና ሁለት ጣቱን አሳየው።

«ስንት ነው?»

«ዓርብ» አለ ብሮዲ።

«ደወሉ ነው የተመታው። ትንሽ ይረፍና ይገባል።»

የሎሬታ ደም ፈላ። ሜዳውን የሚከልለውን ገመድ ተሻግራ ወረደችና የራስ መከላከያውን ሄልሜት ከልጁ እጅ ነጠቀች።

«ሎሬታ፣ አብደሻል እንዴ? አምጪው!»

«መጀመሪያ ንገረኝ። ደወሉ ተመታ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያው... አባባል ነዋ።»

«አባባል ይብላህ! አንጎሉ ከራስ ቅሉ ጋር ተጋጨ ማለት ነው! በእውነተኛ ስሙ ብትጠራው ልጁን መልሰህ ለማስገባት ታፍራለህ፤ ለዚህ ነው ደወል የምትለው! ዋልትን እየው። አብራችሁ ነው የተጫወታችሁት። እስቲ ስምህን ያውቅ እንደሆነ ጠይቀው!»

ዱዌን ቀና ብሎ ዋልትን ለማየት አልደፈረም። ከላይ ተመልካቾቹ «አውጧት!» እያሉ ጮኹባት፤ የልጁ አባት ሳይቀር ሰደባት። ይኼኔ ብሮዲ ሳሩ ላይ ተንበርክኮ አስመለሰ። አምቡላንስ ተጠራ። ቡድኑም ተሸነፈ።

ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ አገኙ፤ በቀዶ ሕክምና ለጥቂት ተረፈ። ተጫዋቾቹ ስላኮረፏት ሰኞ ምሳ ላይ አንዳቸውም ሎሬታ ጋ ሊሰለፉ አልመጡም። የብሮዲ እናት ግን መጥታ እጇን ያዘቻት።

«ምን ብዬ ላመስግንሽ?»

«ምስጋናውን ተይው» አለች ሎሬታ፣ ጭልፋውን ድስቱ ላይ እያጋጨች። «ነገ ዱዌን ቢሮ አብረን እንገባለን። ያንን ቃል ደግሞ ከአፉ ብሰማ አልምረውም።»