የፊልሙ ግራ ጎን

ሚያዝያ 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ዓርብ፣ ወንድሜ አስማረ ቆሰበር ከተማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ የአንድ መድኃኒት ቤት ታፔላ ሳይጨርስ ተወ። ቆርቆሮው ሁለት ሜትር ይረዝማል። ጽሑፉ የሚጀምረው ከመሃል ነው። ፊደሎቹ ወደ ቀኝ በሄዱ ቁጥር እየተጨናነቁ መጥተው የመጨረሻው ቃል ቦታ አጥቶ ቀርቷል። በግራ በኩል አንድ ሜትር ሙሉ ነጭ ቀለም ብቻ አለ።

በማግስቱ ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሐኪሙ በጭንቅላቱ ቀኝ በኩል እጢ እንደነበረና ከብዙ ወራት በፊት እንደጀመረው ነገረን። ዓይኖቹ ጤነኞች ነበሩ። እጢው የወሰደበት ከፊቱ ካለው ነገር ሁሉ የግራውን ግማሽ ነው። እንዳይታወቀው አድርጎ ነው የወሰደበት፤ ሰው ከጀርባው ያለውን እንደማያይና ባለማየቱም እንደማይገረም ሁሉ እሱም አልተገረመም። በጊዜ ደርሰንበት ቢሆን ኖሮ ሐኪም ዘንድ የምንወስድበት አሥራ አንድ ሳምንት ነበረን። ቀኖቹን ከመዝገቤ ጋር አስተያይቼ እጽፋለሁ።

አስማረ ታፔላ ጻፊ ነበር። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የተማረው ትምህርት የለም፤ ፊልም ግን እንደሱ የሚያይ ሰው አላውቅም። ከመናኸሪያው ጀርባ የጋሼ ምህረቴ ቪዲዮ ቤት አለ፤ ጭቃ ቤት፣ አሥራ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልም ይታያል። ፊልሙ ሲያልቅ ማንም አይወጣም፤ ችሎት ይቀመጣል። የአገራችን ሰው ሙግት ይወዳል፤ ጋሼ ምህረቴም ይህን አውቆ ነው የጀመረው። አንዱ ከሳሽ ሆኖ ፊልሙን ያወግዛል፣ አንዱ ጠበቃ ሆኖ ይከራከርለታል፣ ያየ ሁሉ ምስክር ነው። ዳኛው አስማረ ነበር። ሁለቱን ወገን ሰምቶ ፍርዱን በእጁ ይጽፋል፤ እኔ እሑድ ቤቴ በኮምፒውተር እጽፈዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት በቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። አንድ ቅጂ በሚኒባስ ዳንግላ ላለው ቪዲዮ ቤት ይላካል፤ እነሱም ያንን አይተው ፊልሙን ያስመጣሉ ወይም ይተዉታል። ከተለጠፈ በኋላ ይግባኝ የለም። ይህ የቤቱ ሕግ ነበር፤ ሰውም ከማንኛውም ሕግ አብልጦ ያከብረው ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ጀምሮ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። የአስማረን የእጅ ጽሑፎች በቀን በቀናቸው አስቀምጫለሁ። አርባ ሦስት ናቸው።

ጥር 17 ቀን የታየው ፊልም ከባሕር ዳር በፍላሽ የመጣ ነው። የማን አገር እንደሆነ ማንም አላወቀም። ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ ዐረብኛ ነበር፤ የሚነገረውን ቋንቋ ከመካከላችን የሰማ የለም። ስም ስላልነበረው ጋሼ ምህረቴ «የሐር ማቅለሚያው ቤት» ብሎ ሰየመው። ሐር ቀለም ውስጥ የሚነክር ሰው ልጅና አንድ ጀልባ ቀዛፊ ይዋደዳሉ፤ ለሌላ ሰው ይድሯታል፤ ዓመታት ያልፋሉ፤ አርጅተው እዚያው ሐይቅ ዳር ይገናኛሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። ምስሉ ግን ሰውን አፍ አስያዘ። በገመድ የተሰጣ እርጥብ ሐር፣ በጭጋግ ውስጥ የሚያበራ ውሃ፣ ሸለቆ ሙሉ አበባ። የጥርባን ሐይቅ ከልጅነታቸው ጀምረው የሚያውቁ ሰዎች ውሃ አይተው የማያውቁ ይመስል ዝም ብለው ተቀመጡ።

ከሳሹ መሳፍንት የሚባል ባጃጅ ነጂ ነበር።

«ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ መተያየት ብቻ!» አለ ተነሥቶ። «እኛ አገር ቢሆን በዚህ ጊዜ ሦስት ወልደው፣ ተፋትተው፣ መሬት ተካፍለው ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጠበቃዋ ልብስ ሰፊዋ ቤዛዊት ነበረች።

«አንተስ የጫንካትን ሴት በስፖኪዮ ስታይ አይደል የምትውለው?» አለችው። «እሷ እንኳ መልሳ አታይህም። ክቡር ዳኛ፣ ልጅቷ አሥራ አራት ቀሚስ ቀይራለች፤ ቆጥሬያለሁ። ደስ ሲላትና ሲከፋት የለበሰችው አንድ አይደለም። ሐሩ ራሱ እየተናገረ ቋንቋው አልገባንም የሚል ከሳሽ ምን ይባላል?»

አስማረ እጁን አነሣ። «ጠበቃ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጀልባው ከየት መጣ?»

«እንዴት ከየት መጣ?»

«ልጅቷ ውሃ ዳር ቆማለች። ውሃው ባዶ ነው። ድንገት ጀልባው አጠገቧ ነው።»

«በግራ በኩል ነዋ! ከሩቅ ጀምሮ እየቀዘፈ!»

«በግራ ምንም የለም።»

«ምንም? እንደ ኑግ ማሳ ቢጫ አበባ ሞልቶበት?»

«ጠበቃዋ ለደንበኛዋ አበባ መዝራት ጀመረች» አለ አስማረ። ሰው እንደገና ሳቀ።

«አስሜ፣ ተኝተህ ነበር እንዴ?» አለች ቤዛዊት፤ የዳኛውን ክብር ረስታ በስሙ ጠራችው። በቤቱ ሕግ ዳኛ መድፈር ስለነበር ለተሰብሳቢው ቆሎ እንድትገዛ ተፈረደባት።

የዚያን ቀን ፍርድ እንዲህ ይላል፦

«ይህ ፊልም ቀለም የተትረፈረፈበት ነው፤ ቀለሙ ሁሉ ግን የቀኝ ነው። ሠሪው የምስሉን ግራ ባዶ አድርጎ ትቶታል። ሰው ከዚያ ባዶ ሳይጠበቅ ይወጣል፤ ወደዚያ ገብቶም ይጠፋል። ፍቅረኞቹ ወደዚያ ዞረው አያዩም። የፍቅር ፊልም መስሎን ገባን፤ ሠሪው ያሳየን ግን ሳናየው አጠገባችን የሚደርሰውን ነገር ነው።»

እሑድ ይህን ስጽፍ እስከዚያ ቀን ከጻፋቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው አልኩ። እኔም ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ አበባውንም አይቼዋለሁ። ቢሆንም ወንድሜ ከአበባው በስተጀርባ ያለ፣ እኔ ያልደረስኩበት ነገር ያየ መሰለኝ። አንድ ፊደል አላረምኩም።

ፊልሙ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ጊዜ ታየ። ሰው የሚገባው የግራውን ባዶ ሊያይ ነበር። ጋሼ ምህረቴ ከመጀመሩ በፊት የቴሌቪዥኑን ግራ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። መሳፍንት ከሳሽነቱን ትቶ የፍርዱ ሰባኪ ሆነ፤ ባጃጁ ላይ የተሳፈረ ሁሉ ስለ ግራው ሳይሰማ አይወርድም። አንድ መምህር አበባው ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ እንደተሠራ ለተማሪዎቹ አስረዳ። ከዳንግላ «ያንን ግራው ባዶ የሆነውን ላኩልን» ብለው ደወሉ፤ ላክንላቸው፤ አንድ ጋሪ ነጂ ካየው በኋላ በግራው በኩል ሰው ማሳለፍ እንደፈራ ተወራ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ እዚያ አበባ ነበር የሚል ሰው ከቤዛዊት በቀር አልተገኘም። እሷንም «የኑግ ማሳ» እያሉ ይጠሯት ጀመር።

ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ነው። አስማረ፣ ቤዛዊት፣ መሳፍንትና እኔ መንገድ ዳር ቆመን ነበር። አንድ ፈረስ ከሰልፉ ወጥቶ በግራችን በኩል መጣ። ሰው ጮኸ፤ ሁሉም ሸሸ። አስማረ ብቻ ወደ ቀኝ እያየ፣ ፈገግ እንዳለ ቆሞ ቀረ። ቤዛዊት ጃኬቱን ይዛ ስባ ጣለችው። የፈረሱ ትከሻ ኮፍያውን ወስዶት አለፈ።

«ከየት መጣ?» አለ አስማረ መሬት ላይ ተቀምጦ።

«ከፊልሙ!» አለ መሳፍንት።

ሳቅን። አስማረም ሳቀ። ቤዛዊት አልሳቀችም።

ሰኞ ጥር 26፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዬ መጣች።

«እትዬ ማናለብሽ፣ አስማረ በግራ አያይም።»

«ግራ ዓይኑን አሞታል?»

«ስለ ዓይኑ አላውቅም። በግራ ነው የምልሽ። ትናንት ሻይ ቤት በግራው ተቀምጬ እጄን አወዛወዝኩለት፤ ዝም አለኝ። ዞሬ በቀኙ ስቀመጥ ‹መቼ መጣሽ?› አለኝ።»

«ክርክሩን ስለተረታሽ ዳኛውን ዕውር ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

ቃሉ የእኔ ነው፤ ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ።

«ሰው ስለካ ነው የምውለው» አለች። «ትከሻው ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ። ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።» ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አልወሰድኩትም። ሁዳዴ ገባ። ራስ ምታት ጀመረው፤ እናታችን የሻረግ የጾሙ ነው አለች፣ እሱ የቀለሙ ሽታ ነው አለ። ጸበል ሄዶ ሰባት ቀን ተጠመቀ፤ ቀለል አለኝ ብሎ መጣ። የጃኬቱ የግራ እጅጌ በበር መቃን እየተፋተገ ክሩ ወጣ። ከሰሃኑ የቀኙን ግማሽ በልቶ የግራውን እንዳለ ይተዋል።

«ለማን ነው የምታስቀርለት?» ትለዋለች እናቴ።

«ምን አስቀረሁ? ጨርሼዋለሁ» ይላል፤ የቀለደ መስሏት ትስቃለች።

መጋቢት 29 ቀን፣ አርባ ሦስቱን ፍርዶች አስጠርዤ የፋሲካ ስጦታ ላደርግለት ብዬ በቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ በየቀናቸው ደረደርኳቸው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ታየኝ። ማስመሪያ አወጣሁ። በመስከረም ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ እስከ መጀመሪያው ፊደል ያለው ባዶ ቦታ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። በኅዳር አራት። በታኅሣሥ ሰባት። የጥር 17ቱ አሥር ሲሆን የመጨረሻው አሥራ ሁለት ነው። በታኅሣሥ «ወረቀት አታባክን» ብዬ ተቆጥቼው «ሐሳብ አየር ይፈልጋል» ብሎኝ ነበር።

ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። በግራው ቆሜ እርሳስ ዘረጋሁ።

«አስማረ፣ ምን ይዣለሁ?»

«የት ነሽ?» አለኝ።

እርሳሱን ቀስ እያልኩ ወደ ፊቱ አመጣሁት። አፍንጫው ትይዩ ሲደርስ ዓይኑ ድንገት ያዘው፤ ደነገጠ። መልሼ ወሰድኩት። ጠፋበት። ሦስት ጊዜ ደጋገምን። በሦስተኛው እሱ ራሱ እጄን ይዞ ወዲያና ወዲህ አደረገው።

«ፊልሙ ግራው ላይ ምን ነበረው?» አለኝ።

ነገርኩት። ቢጫው አበባ እስከ ተራራው ሥር። ጀልባው ከሩቅ ሲመጣ፣ ቀዛፊው ቆሞ። በሠርጉ ቀን እናቷ በግራ በኩል በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ።

«እናት አለቻት?» አለ።

«አለቻት።»

«ቤዛን ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ «ግን እትዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ባዶ ነው ሲል ምን አይቶ ነው?» አለኝ።



በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የመረመረችው ነርስ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወደ ባሕር ዳር የሚወስድ ወረቀት ጻፈችልን። የራስ ቅል ምርመራው ቀጠሮ ለሰኞ ሚያዝያ 6 ተያዘ። ሐሙስ አስማረ ቤዛዊት ሱቅ ሄዶ በሩ ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ልኬት ልትወስድ መስላ ትከሻውን በሜትር መታችው፤ ካልዳንክ ቆሎውን ትመልሳለህ አለችው። አብሬያቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። ከዚያ መስፊያው ላይ ጎንበስ አለች።

ዓርብ ሥራ እንዳይነካ ለመንኩት፤ ታፔላው የተቆረጠ ቀን አለው ብሎ እንቢ አለ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። እናቴ ስትደርስ ከበርጩማው ወደ ግራ ተንሸራቶ ነበር። ማታ ባሕር ዳር ደረስን። ቀጠሮው የሰኞ ነው አላሉንም፤ ወዲያው ተቀበሉን። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ አለፈ።

የዚያን ዓርብ ጠዋት እናታችን ለበዓሉ አንድ ማዳበሪያ ከሰል እንዲገዛላት ጠይቃው ነበር። በሁለት ሰዓት ተኩል ወጣ። ከዋናው መንገድ ዳር ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የተከሰለ ከሰል ከሚደረደርበት ደርሶ የሦስት ማዳበሪያ አፍ አስፈትቶ፣ ከሰሉን እርስ በርሱ እያጋጨ ድምፁን ሰምቶ አንዱን መረጠ። በጋሪ አስጫነው። ሲመለስ ፈረሱ በቀኙ እንዲሆን ከግራው በኩል ጎን ለጎን እየተራመደ መጣ፤ በአራት ቀን ውስጥ የሚፈልገውን ሁሉ በቀኙ ማድረግ ለምዶ ነበር። ደመና ስለነበር ማዳበሪያውን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አስገባ፤ ከመሬት እርጥበት እንዳይስብ ሁለት ድንጋይ አስቀመጠለት፤ ላዩን በላስቲክ ሸፈነ። እጁን ታጥቦ ገባና ለእናታችን «ደረቅ ነው፤ ፍም ይይዝልሻል» አላት።