የኮርኒሳችን ቦርጭ

በጣሊያን ጊዜ ልደታ ማርያም አጠገብ የነበረን ቤት ባለ ቆርቆሮ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ከውጭ ለሚያየው እንጂ ከውስጥ ለምንኖረው ብዙም አልጠቀመም። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ በዱቄት ሙጫ ተወጥሮ ኖራ የተቀባ። ዝናብ ሲገባበት መጀመሪያ ሻይ የተደፋበት ይመስላል፣ ቀጥሎ ይረግባል፣ ከዚያ ቦርጭ ያወጣል።

ሌላ ሰው ቢሆን ቀድዶ በአዲስ ይቀይረዋል። እኛ ግን መንካት አንችልም፤ የባለቤቴ አባት ጠመንጃ እዚያ ላይ ነበረ። መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተብሎ ሲታወጅ ባለቤቴ በጆንያ ጠቅልሎ ሰቀለውና፣ «አትፍቺው፤ ካላየሽው ቢጠይቁሽም አትዋሺም» አለኝ። የተገኘበት ሰው ይሰቀላል። እፈራ ነበር፤ ከፍርሃቴ ግን ኩራቴ ይበልጥ ነበር። ገና ሙሽራ ነኝ፤ ጀግና አገባሁ እያልኩ ልቤ ያብጣል።

በዚያው ሰሞን የብረት ዘነዘናዬ ጠፋ። አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ናት የወሰደችው ብዬ ደመደምኩ፤ ከእሷ በቀር ከእኔ ዕቃ የሚዋስ ማን አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳኋት።

በሦስተኛው ክረምት ቦርጩ መልኩን ለወጠ። ክብ መሆኑ ቀርቶ ቀጥ ያለ፣ ጫፍና ጫፍ ያለው ረዥም ነገር ታየበት። ማንም ቢያየው ጠመንጃ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ባለቤቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው አናጢ ቤት ሥራ ላይ ሳለ፣ በየበሩ ቁጥር የሚጽፍ ጣሊያን ወታደርና አስተርጓሚው ዶፍ ወረደባቸውና ዘው ብለው ገቡ። ከቤቱ ሁሉ መርጠው ከቦርጩ ሥር ቆሙ።

ወታደሩ ቀና አለ። አስተርጓሚው «ይህ ምንድን ነው ይልሻል» አለኝ።

«ውኃ ነው።»

ወታደሩ ደግ ሰው ሆኖ ተገኘብኝ። ውኃውን ላፍስስላት ብሎ ከበሩ ጀርባ የባለቤቴን ዱላ አነሣ። «ተዉት፣ እሱ ለምዶታል» አልኩ፤ ምን ማለቴ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ወጋው። አቡጀዲው ተተረተረ፣ ቡናማው ውኃ በኮሌታው ገባ፣ ጆንያውም ተከትሎ እግሩ ሥር ዱብ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን ጠራሁ። ስገልጥ አስተርጓሚው ጆንያውን ፈትቶ ዘነዘናዬን ይዞ ቆሟል።

«ዘነዘና ኮርኒስ ላይ ምን ይሠራል?»

«ባሌ ነው የደበቀብኝ፤ ስወቅጥ ራሱን ያመዋል።»

ወታደሩ ሲተረጎምለት እስኪንተከተክ ሳቀ። ዝናቡ ሲያባራ ቁጥራቸውን ጽፈው ሄዱ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጠመንጃውን አስረክቦታል፤ እኔ ዘንድ ግን በገዛ ዘነዘናዬ ጀግና ሆኖ ኖሯል። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ሲመጣ በዚያው ዘነዘና ልቀበለው ነበር። ቀጥሎ ሳቅ አፈነኝ። በኋላ አለቀስኩ። የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ሊያስረክብ ብቻውን ሰልፍ ሲቆም ታየኝ። እኔን ከገመድ አድኖ ሲያበቃ፣ ከእኔው ማፈሩ አንጀቴን በላው።

ዘነዘናውን መልሼ ጠቀለልኩ። ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ከማገሩ ጋር ጥፍር አድርጌ አሰርኩት፣ የተተረተረውን ሰፋሁ፣ ሙጫና ኖራ ቀባሁት። ባለቤቴ ሲገባ ከእኔ በፊት ኮርኒሱን አየ።

«ዕቃው?»

«ባለበት አለ። ዝናብ የቀደደውን ነው የሰፋሁት።»

ትንፋሹ ተመለሰ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ዘነዘናሽ ተገኘ እንዴ?» አለችኝ። «አልተገኘም፤ ያንቺን ልዋስ ብዬ ነው» አልኳት። አብዳለች ብላ ሳታዝንልኝ አልቀረችም፤ ሰጠችኝ።

ጣሊያን የወጣ ጊዜ የሰፈሩ ወንድ ከጉድጓድም ከጭድ ውስጥም ጠመንጃውን እያወጣ ወደ ሰማይ ተኮሰ። የጎረቤቴ ባል ባለቤቴን «የአባትህስ የታለ?» አለው። ባለቤቴ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዝናብ ገብቶበት ዝጎ ቀረ» አልኩ እኔ። «የእኛን ኮርኒስ ታውቀው የለም?»

ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም አልተጠራጠረም። ቤት ስንገባ ባለቤቴ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ።

«መቼ አወቅሽ?» አለኝ።

ጠረጴዛውን ከኮርኒሱ ሥር ገፋሁለት። «በል ውጣና አውርድልኝ። የሰው ዘነዘና ስዋስ ሦስት ዓመት ሆነኝ።»