ከጉም የመጣ ሻርፕ

ዛሬ እንጦጦ ፓርክ በር ላይ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሸተተኝና አሥራ ሰባት ዓመቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ ፓርኩ አልነበረም። ከአክስቴ ጋር እንጨት ለቅመን ስንወርድ፣ የእኔ እኩያ የሆነ ልጅ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ሸክሜን ተቀበለኝ። ስንለያይ ቀይ ሻርፑን አንገቴ ላይ ጠመጠመልኝ፤ ጣቶቹ አገጬን ነኩት።

"የማን ነው?" አልኩት።

"አንዲት እናት ፓርኩ በር ላይ ሰጡኝ።"

"የምን ፓርክ?"

ግራ ተጋብቶ አየኝና ወደ ጉሙ ተመለሰ።

"ጉም ያመጣውን ጉም ይወስደዋል፤ አትጠብቂው ልጄ" አለችኝ አክስቴ።

እኔ ግን ጠበቅኩት።

አሁን ያው ልጅ፣ አንዲት ቀን እንኳ ሳያረጅ፣ በስስ ቲሸርት አጠገቤ አልፎ ወደ ጉሙ አቀና። ጠራሁት።

"አቤት፣ እናቴ" አለኝ።

ያንኑ ሻርፕ ከአንገቴ ፈታሁና "እንካ፣ እላይ ይበርዳል" አልኩት።