ወንድሜ ያልማለው መሐላ

ዝናብ ሲመጣ የባጃጅ ሾፌሮች በግራና በቀኝ የሚያወርዱት ወፍራም ላስቲክ አለ። ሲረጥብ ቤንዚንና አሮጌ ጫማ የተደባለቀበት የሚመስል ሽታ ያመጣል። ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ላይ ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ ስሄድ ያ ሽታ መታኝና የምወርድበትን ሰፈር አለፍኩት። ሾፌሩ «እናቴ፣ የት ነበር ያሉኝ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ሐሳቤ ከዓመታት በፊት ቡታጅራ ነበር፤ ወንድሜ ጋ።

ደክሞኝም ነው መሰለኝ። ሥራዬ ያደክማል። መርማሪዎች ሰውን እንዴት መጠየቅ እንዳለባቸው አሠለጥናለሁ። በየሥልጠናው አንዱ እጁን ያወጣና «ዓይኑን ካሸሸ እየዋሸ ነው ማለት ነው፣ አይደል?» ይለኛል። አይደለም እላለሁ፤ ለምን እንዳልሆነም አስረዳለሁ። በሻይ ሰዓት ያው ሰው ብርጭቆውን ይዞ ይመጣና «ግን እኮ ያስታውቃል» ይለኛል። ድሮ እከራከር ነበር። አሁን ሻዬን እጠጣለሁ።

እኔም እንደሱ የማምን ልጅ ነበርኩ። እዚሁ ወልቂጤ ሳይኮሎጂ ስማር፣ ስለ ውሸት ያስተማረችን ከጎንደር በኩል የመጣች፣ ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ነበረች። የመጀመሪያው ቀን «ውሸታም በምን ይታወቃል?» ብላ ጠየቀችን። ሰሌዳው ወዲያው ሞላ። ዓይን መስበር፣ ማላብ፣ መንተባተብ፣ አፍንጫ መነካካት። በየተራ ወደ ፊት እየወጣን አንዳንድ ታሪክ እንድናወራ አደረገችን፤ እውነት ይሁን ፈጠራ ቀድመን በጆሮዋ እየነገርናት።

ከጉንችሬ የመጣ አንድ ልጅ አያቱ ከጅብ አፍ ጥጃ እንዴት እንዳስጣሉ ፊት ለፊት እያየን ተረከልን። ሁላችንም አመንነው። ፈጠራ ነበር። አንዲት ዓይናፋር ልጅ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ የሞተበትን ቀን እየተንቀጠቀጠች ነገረችን። «ውሸት!» ብለን እጃችንን አወጣን። እውነት ነበር። ልጅቷ ቦታዋ ተመልሳ አለቀሰች። መምህርቷ ተነሥታ ሰሌዳውን አጠፋችው፤ የጠመኔው ብናኝ በመስኮት በገባው የከሰዓት ፀሐይ ውስጥ ሲንሳፈፍ አሁንም ይታየኛል።

«የፈራ ሁሉ አይዋሽም» አለች። «ያልፈራም ሁሉ እውነተኛ አይደለም።»

«ማሽን አለ አይደል እንዴ ቲቸር?» አለ አንዱ።

«ማሽኑ የሚለካው የልብ ምትና ላብ ነው። ያለ ጥፋቱ የተያዘ ሰውም ልቡ ይመታል።»

ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ወደ ቤቴ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በዚያው ዓመት በበልጉ ዝናብ፣ ቡታጅራ ላይ አንድ ባጃጅ ከመስጊድ የሚመለሱ ሽማግሌ ገጭቶ ሸሸ። የሰውዬው እግር ተሰበረ። ዶፍ ስለነበር በደንብ ያየ ሰው አልተገኘም፤ አንድ ባለሱቅ ብቻ «በቀኝ በኩል ላስቲኩ የተቀደደ ነው» አለ። የታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ላስቲክ በቀኝ በኩል ተቀዶ ነበር።

ወንድሜ ከልጅነቱ ይንተባተባል። ከእኔ ጋር ሲሆን ብዙም አይዘው፤ ባለሥልጣን ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይታሰራል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ግንባሩ በላብ ይርሳል። ፖሊስ ጣቢያ «አ... አል...» እያለ ሲታገል መርማሪው «ተወው፣ ገብቶኛል» አለው። አባቴ ዋስ ሆኖ አስወጣው። ነገሩም ወደ አገር ሽማግሌዎች ሄደ።

የተጎጂው ልጅ ሰፈራችን አብሮን ያደገ ነጋዴ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። «ወላሂ፣ እኔ ካሳ አልፈልግም» አለ። «አልገጨሁም ብሎ በሃይማኖቱ ይማልልኝ፤ ከዚያ ወንድሜ ነው።»

ወንድሜ አልምልም አለ።

እናታችን በሕይወት ሳለች «እውነትም ቢሆን አትማሉ፤ መሐላ ቤት ያፈርሳል» እያለች ነው ያሳደገችን። ወንድሜ ቃሏን ጠበቀ። አባቴ ግን እፍረቱ ጆሮውን ደፍኖት ነበር መሰለኝ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥቶ «ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል?» አለ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱ ጨዋታ ከቤታችን ጠፋ። ለሰንበት ከወልቂጤ ስመጣ የምሰማው ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድና ማንም የማያዳምጠው ሬዲዮ ብቻውን ሲያወራ ነበር። ሁለቱም በየተራ ይበላሉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ለመምህርቷ ነገርኳት። ማሽን እንደምታመጣ ሰው ነበር የጠበቅኳት መሰለኝ።

«ፊቱን አይቼ ይዋሻል ወይ አይዋሽም ልልሽ አልችልም» አለችኝ። «ማዳመጥ ግን እችላለሁ። ቅዳሜ አብረን እንሂድ።»

በሚኒባስ ሄድን። ከጓሯችን እንሰት ሥር፣ ዝናቡ አባርቶ ቅጠሉ እያንጠባጠበ፣ ወንድሜንና እሷን አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ፊት ለፊት አልተቀመጠችም። ብርቱካን ትልጥ ጀመር፤ ዓይኗም እጇ ላይ ነበር። ገጭተሃል ወይ ብላም አልጠየቀችውም።

«ያን ቀን ማንን ጫንክ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፤ እኔ የምቸኩልበት የለኝም» አለችው። መሬቱ ላይ መንገዱን እንዲሥልላትም እንጨት ሰጠችው።

ወንድሜ ሲንተባተብ እሷ አልረዳችውም። ቃሉን ልሙላልህ አላለችም። ብርቱካኗን እየላጠች ትጠብቃለች። ትንሽ ቆይቶ፣ እንጨቱ መሬት ላይ ሲሄድ ምላሱም አብሮ ተፈታ። ከገበያ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጭኖ ነበር። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። ዳገቱ ጋ ኮብልስቶኑ ሲያነጥራቸው ጥቅሉ ተፈታና ቆጮው ባጃጁ ወለል ላይ ተዘረገፈ። አንድ ፋርማሲ በረንዳ ሥር ቆሙ። ፋርማሲ የምትሠራዋ ልጅ ባዶ ካርቶን አመጣችላቸው፤ ሴትዮዋ እየተራገሙ፣ እሱ እየሳቀ ሰበሰቡት። ከዚያ ሰው ተገጨ የሚል ጩኸት ከታች፣ ከገበያው በኩል ሲሰማ፣ ሦስቱም ዞር ብለው አዩ።

መምህርቷ ብርቱካኑን ከፍላ ግማሹን ሰጠችው።

«ይህንን ለፖሊስ ለምን አልነገርክም?»

«አ... አልጠየቁኝማ» አለ ወንድሜ። «ገ... ገጨህ አልገጨህም ነው ያሉኝ።»

በኋላ መንገድ ላይ «ፊቱን ለምን አላየሽውም?» አልኳት። «ሲጨነቅ ካየሁ ወይ አዝንለታለሁ ወይ እጠረጥረዋለሁ፤ በሁለቱም አልሰማውም» አለችኝ። ቀጥላም «እስካሁን የሰማነው ወሬ ነው። ፋርማሲው የቱ ጋ ነው?» አለች።

ፋርማሲ የምትሠራዋ ልጅ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ሳቀች። «የቆጮው ልጅ! ሱቄ እስኪመሽ ድረስ ሸቶብኝ ነበር» አለች። ሰው ተገጨ ሲባል ከእሷ ጋር ቆሞ እንደነበር ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርባ ተናገረች። ሴትዮዋም ከቸሃ ተፈልገው መጡ፤ እሳቸውማ ካሳ የሚጠይቁ ይመስል ስለፈሰሰው ቆጯቸው ብቻ አወሩ። የተጎጂው ልጅ ተነሥቶ የወንድሜን ትከሻ ሳመ። «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለው። ወንድሜም ሳመው። የገጨው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ሦስታችንም አንድ ማዕድ ቀረብን። አባቴ ጎመኑን ከአይቡ ጋር ጠቅልሎ ለወንድሜ አጎረሰው። ከዚያ ቀጥ ብሎ እያየው፣ ድምፁ ሳይዛነፍ፣ «እኔ እንኳ አንድም ቀን ተጠራጥሬህ አላውቅም» አለ።

ሦስታችንም ውሸት መሆኑን እናውቅ ነበር። ወንድሜ ጉርሻውን ቀስ ብሎ አላመጠ፣ ዋጠ።

«አውቃለሁ አባባ» አለ። አልተንተባተበም።

ክረምቱ ሳይገባ ባጃጁን አጥቦ፣ የተቀደደውን ላስቲክ አሰፍቶ፣ ቁልፉን ለአባቴ ሰጥቶ አዲስ አበባ ገባ። ለበዓል ይደውላል፤ ሥራ በዛ፣ መንገዱ ተበላሸ፣ የሚቀጥለው መስቀል ግን እመጣለሁ ይላል። ለመስቀል የአገሬው ሰው ሁሉ ከያለበት ሲገባ አባቴ ከበር ላይ ተቀምጦ የሚወርዱትን መንገደኞች ሲያይ ይውል ነበር። «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ይለኝ ነበር፤ እኔም «አዎ፣ በዝቶበታል» እለው ነበር።

መምህርቷ ወደ አገሯ ተመልሳለች። አባቴም አሁን የለም። በመጨረሻው ሰሞን አልጋው አጠገብ ተቀምጬ እግሩን ሳሽለት፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ድንገት ጠየቀኝ።

«አንቺ የተማርሽው ይሄንኑ አይደል። ያኔ ለወንድምሽ ያልኩትን... አምኖኛል ትያለሽ?»

እግሩ ቀዝቃዛ ነበር። በሁለት እጄ ይዤ ማሸቴን ቀጠልኩ።

«አምኖሃል እንጂ አባባ» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠና ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው እያዞረ፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አለኝ።